አብረን ስለምንሮጥ እንጋባ?

(በኔዘርላንድ ለሚኖሩ ወጣቶች ከቀረበ ትምህርት በጽሑፍ የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍሎች፦ ዘፍጥረት 24፤ ዘፍጥረት 29፥1-20፤ ዘፍጥረት 31፥17-35፤ የሐዋርያት ሥራ 18፥1-3



ዛሬ የምንማረው ስለ ጋብቻ ጥያቄ ነው። ስለ ጋብቻ ብዙ ተምረናል፤ ስለ ሠርግማ ከሚበቃን በላይ እናውቃለን። ጥያቄውን ግን፣ አንድ ወንድም አንዲትን እህት “ታገቢኛለሽ ወይ?” የሚልበትን ያን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከየት ተነስቶ አፉ ላይ እንደ ደረሰ ቆም ብለን አንመረምረውም።

እዚህ አገር አብዛኞቻችሁ የምትተዋወቁት በሰፈር ወይም በዘመድ በኩል አይደለም። አምስተርዳም፣ ሮተርዳም፣ ዘ ሄግ ተበታትነን ነው የምንኖረው። ሳምንቱ በሥራ፣ በትምህርትና በባቡር ያልቃል። ቅዳሜ ጠዋት ግን የሩጫ ጫማቸውን አጥልቀው ሮተርዳም ክራሊንክሰ ፕላስ ሐይቅ ዙሪያ፣ ወይም ዘ ሄግ ስኼቨኒንኸን የባሕሩ ዳር የሚገናኙ አሉ። ሌሎች ብስክሌት ነው የሚያገናኛቸው፣ ሌሎች ፎቶግራፍ፣ ሌሎች ክራርና ጊታር። ጥሩ ነገር ነው። ብቸኝነት በሚገድልበት አገር ሰው ከሰው ጋር ላብ ማውጣቱን እንደ በረከት ነው የማየው። በዚያ መካከል ታዲያ ልብ ይሰረቃል፤ ከዚያ ወደ አገልጋዮች ይመጣል፦ “ፓስተር፣ እኛ እኮ በጣም እንመሳሰላለን። እሷም መሮጥ ትወዳለች፣ እኔም መሮጥ እወዳለሁ። ልጠይቃት?”

ወንድሜ፣ ምን እንደምትወድ ነገርከኝ። ማን እንደ ሆነች ግን ገና አልነገርከኝም። ዛሬ በዚህ ልዩነት ላይ ነው የምንቆየው።

በሩጫ የተገናኙ ባልና ሚስት ስንል ሁላችንም የምናውቃቸው ሁለት ሰዎች አሉ። ናይሜኸን በምትባለው ከተማ በየዓመቱ በኖቬምበር የሚካሄድ የ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ፤ የሰባቱ ኮረብታዎች ሩጫ ይባላል። ሆላንድ ሜዳ ብቻ ናት የሚል ሰው ካለ እዚያ ሄዶ ይሞክረው! ኖቬምበር 15 ቀን 2009 በዚያ ሩጫ ከወንዶቹ አንደኛ የወጣው ስለሺ ስህን ነበር፤ 42 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ። ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችው ጥሩነሽ ዲባባ ነበረች፤ 46 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ፣ ያን ጊዜ ለርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ባልና ሚስት ናቸው። የተጋቡት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው፤ እሷ ከቤይጂንግ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ፣ እሱ በ10,000 ሜትር ብር ይዘው ከተመለሱ ሁለት ወር በኋላ። ለእነሱ ሩጫ እንጀራቸው ነው፤ ለእኛ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ይህን አልዘነጋሁም። ግን አንድ ነገር እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን፣ አንድ መንገድ፣ ሰባት ኮረብታ። በሁለቱ ሰዓት መካከል 4 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ልዩነት አለ። ይህን አይቶ “እነዚህ ባልና ሚስት አልተጣጣሙም” ያለ ሰው አልነበረም። ለምን? ሩጫ ላይ ሁሉም የየራሱን ሩጫ ስለሚሮጥ ነው። አብሬህ ብሮጥም እግርህ የአንተ ነው፣ ትንፋሽህ የአንተ ነው፣ ሰዓትህም በስምህ ነው የሚመዘገበው። ብትደክም ቆመህ ውኃ ትጠጣለህ፤ እኔ እቀጥላለሁ። ማንም አይቀየምም።

ቤት ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። ኩሽናው አንድ ነው። የቤት ኪራዩ አንድ ነው። ልጅ ሲያተኩሰው ሌሊቱ አንድ ነው። “አንቺ ደክሞሻል፣ እኔ እቀጥላለሁ” የሚባልበት ቦታ የለም። አያችሁ፣ አብረን የምንወደው ነገር ሁለታችንንም ደስ የሚያሰኘን አንዱ ምክንያት፣ አንዳችን በሌላችን ላይ ብዙ ስለማይጠይቀን ነው።

ከገበሬ ቤት ያደጋችሁ መቀናጆን ታውቃላችሁ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ እንደ እሱ አንድ በሬ ያለውን ጎረቤቱን ይፈልግና በሬዎቻቸውን ያቀናጃሉ። በተራ ለአንዱም ለሌላውም ያርሳሉ። ድንቅ ዘዴ ነው፤ ስንት ቤተሰብ በዚህ ከረሃብ ድኗል! ታዲያ እርሻው ሲያልቅ ሁለቱም የየራሳቸውን በሬ እየነዱ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ሰኔን አብረው ያረሱት በሬዎች ጥቅምት ላይ በየበረታቸው ናቸው። የቅዳሜ ሩጫ ጓደኝነት መቀናጆ ነው። ሁለት ሰዓት ተቀናጅታችሁ ትሮጣላችሁ፣ ከዚያ አንዱ በትራም ሌላው በብስክሌት ወደ ቤቱ። ጋብቻ ግን በሬው ወደ በረቱ የማይመለስበት ቀንበር ነው። መቀናጆው ስለሠራ ብቻ ጋብቻው ይሠራል ማለት አይቻልም።

ይህን ስል ጓደኝነቱን ለማቃለል እንዳይመስላችሁ። የእግዚአብሔር ቃል ራሱ ሰውን በሥራው ላይ ሳለ ማየትን ያስተምረናል። ዘፍጥረት 24ን ክፈቱ። የአብርሃም አገልጋይ ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ ወደ ናኮር ከተማ ሲሄድ አሥር ግመሎች ይዟል። ማምሻውን የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ቆመ። ርብቃ መጣች፤ ውኃ ለመናት፤ አጠጣችውና ለግመሎቹም እቀዳለሁ አለች። እኛ ይህን ስናነብ አንድ ማሰሮ ውኃ ይመስለናል። አንድ የተጠማ ግመል ግን በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል። አሥር ግመል ከሆነ ወደ 1,000 ሊትር ሊደርስ ነው። በ20 ሊትር እንስራ ቢሆን 50 ምልልስ! አገር ቤት ጀሪካን ተሸክማችሁ የምታውቁ እህቶች ይህን ከእኔ በተሻለ ትረዱታላችሁ። ያውም ለማታውቀው መንገደኛ።

ቁጥር 21 ላይ ሰውየው ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ይመለከታታል። አይናገርም፤ ያያል። መልኳ እንደሚያምር ቁጥር 16 ቀድሞ ነግሮናል፤ እሱ ግን ቆሞ የሚያየው እጇንና እግሯን ነው፣ አሥረኛው ግመል ላይ ስትደርስ ፊቷ ይጠቁር እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራችሁ የምትሮጡ፣ ይህ ዕድል አላችሁ፤ ተጠቀሙበት። በካፌ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ጨዋ ነው። አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን ሰው ማስመሰል ያቅተዋል። ከቡድኑ ቀርፋፋ የሆነውን ሰው እንዴት ያየዋል? ይጠብቀዋል ወይስ ያሾፍበታል? “ሦስት ሰዓት እንገናኝ” ሲባል መቼ ነው የሚደርሰው? አንቺ ስትቀድሚው ፊቱ ምን ይሆናል? (እህቶች፣ ይቺን አደራ እዩልኝ። እጮኛውን ለምን ቀደመችኝ ብሎ ሳምንት የሚያኮርፍ ሰው፣ ደመወዟ ከደመወዙ ሲበልጥ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።) ዝናብ ሲጥል፣ እዚህ አገር ደግሞ መቼ የማይጥልበት ጊዜ አለ፣ ያማርራል ወይስ ይስቃል? ይህን ሁሉ ሩጫው በነፃ ያሳያችኋል። ብዙ ሰው ግን ዓይኑ የስልኩ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ላይ ስለሆነ አያየውም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልውሰዳችሁ። አብሮ መሥራት የማያሳየው ነገር አለ።

ዘፍጥረት 29 ላይ ያዕቆብ ወደ ምሥራቅ ሰዎች አገር ሲደርስ በመጀመሪያ ያያት ራሔል ምን እየሠራች ነው? በግ እየጠበቀች። ቁጥር 9 እረኛ መሆኗን በግልጽ ይናገራል። ያዕቆብስ? ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ከበግ ጋር ነው። የጉድጓዱን ድንጋይ አንከባሎ በጎቿን አጠጣላት፤ ከዚያም ለእሷ ሲል ሰባት ዓመት የአባቷን መንጋ ጠበቀ፣ ጊዜውም ከፍቅሩ የተነሣ አጭር መሰለው። አንድ ሙያ፣ አንድ መስክ፣ አንድ መንጋ። ዛሬ ቢሆን “እነዚህማ ለአንድ ላይ የተፈጠሩ ናቸው” ይባልላቸዋል።

ምዕራፍ 31 ላይ ደግሞ ያዕቆብ ቤተሰቡን ይዞ ከላባ ሲኮበልል እንመልከት። በላባ ቤት 20 ዓመት ቆይቷል። ራሔል የአባቷን የቤት ጣዖታት ሰርቃ በግመል ኮርቻ ውስጥ ሸሽጋ ተቀምጣባቸዋለች። ላባ ሲደርስባቸው ያዕቆብ በሙሉ ልቡ ይምላል፦ ጣዖቶችህ የተገኙበት ሰው አይኑር ይላል። ቁጥር 32 ያለው ነገር ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል፤ ራሔል እንደ ሰረቀቻቸው ያዕቆብ አያውቅም ነበር። ወገኖቼ፣ በጎቿን ያውቃል፣ እርምጃዋን ያውቃል፣ መስክ ላይ ጀርባዋን ከሩቅ አይቶ ይለያታል። የምትቀመጥበት ኮርቻ ውስጥ ያለውን ግን አያውቅም። ሳያውቅ የሚወዳትን ሚስቱን በመሐላው ሞት ሲፈርድባት ነበር።

ኮርቻው ውስጥ ያለው ነገር ሐይቅ ዙሪያ አይታይም። ልቡ በእውነት የሚያመልከው ምንድን ነው? ብቻውን ሲሆን ይጸልያል? ዕዳ አለበት? ለአገር ቤት ቤተሰብ በወር ምን ያህል ይልካል፣ ከጋብቻ በኋላስ ሊቀጥል ነው? እዚህ አገር የመኖሪያ ፈቃዱ ምን ላይ ነው? ከዚህ በፊት ትዳር ነበረው? ልጅስ? ከአባቱ ጋር የሚነጋገር ሰው ነው ወይስ አምስት ዓመት ተኳርፎ የቆየ? እነዚህን ጥያቄዎች እየሮጡ መጠየቅ አይቻልም፤ ትንፋሽም አይበቃም። ስለዚህ ለጥያቄ የተዘጋጀ ሰው ካለ እንዲህ እመክረዋለሁ፦ አራት ቅዳሜ ሳትሮጡ ተገናኙ። በአንደኛው የታመመ ሰው አብራችሁ ጠይቁ። በሌላው ከወንድሞችና እህቶች ጋር ወጥ ሠርታችሁ እንግዳ አስተናግዱ። በሌላው ተቀምጣችሁ ስለ ገንዘብ አውሩ፤ አዎ፣ ስለ ገንዘብ። ጫማው ከእግራችሁ ሲወልቅ የምታወሩት ነገር ከጠፋ፣ ያ ራሱ መልስ ነው። ጉልበት ይታመማል፣ እርግዝና ይመጣል፣ የሌሊት ፈረቃ ሥራ ይመጣል፤ ሩጫው ለስድስት ወር ቢቆም በመካከላችሁ የሚቀረው ምን እንደ ሆነ አሁኑኑ እወቁት።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን የእምነት ጉዳይ ነው። በሩጫ ቡድን ውስጥ ጌታን የሚያውቅም የማያውቅም አለ፤ ሁሉም አብሮ መሮጡም ተገቢ ነው። ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 6፥14 ከማያምን ጋር በማይመች ቀንበር እንዳንጠመድ ያስጠነቅቃል። ሥሩ ዘዳግም 22፥10 ነው፤ በሬና አህያን አጣምሮ ማረስ ተከልክሏል። ይህን ጥቅስ አንዳንዶች ሌላውን ለመናቅ ይጠቀሙበታል። እኔ ሳነበው የሚያሳዝነኝ አህያዋ ናት። በሬው ረጅምና ከባድ ነው፣ አህያዋ አጭር ናት፤ ቀንበሩ ሁለቱንም ይልጣቸዋል። ጌታን የማይከተል ሰው አግብተህ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወደ ጉባኤ ብትጎትተው፣ አንተ ብቻ አይደለህም የምትጎዳው፤ እሱንም ያላመነበትን ሸክም አሸክመኸዋል። ለእሱም አዘኑለት።

እንግዲህ አይታችኋል፣ ጠይቃችኋል፣ ጸልያችኋል እንበል። ጥያቄው እንዴት ይቅረብ?

ወደ አብርሃም አገልጋይ እንመለስ። ርብቃ ቤት ሲገባ ማዕድ ቀረበለት። ሰውየው ረጅም መንገድ የመጣ ነው፣ ርቦታል። ቁጥር 33 ላይ ግን የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር እንደማይበላ አስታወቀ። ይህ ሰው ደስ ይለኛል! ስንቱ ወንድም ነው ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ጊዜ እየበላ ጉዳዩን የማይናገረው? በየሳምንቱ ይደውላል፣ ቡና ይጋብዛል፣ እስከ ጣቢያ ይሸኛል፤ “ምንድን ነን?” ስትለው “እንደ እህቴ ነው የማይሽ” ይላል። ሌላ ሰው ሲቀርባት ደግሞ ያኮርፋል። ይህ የሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ጉዳይን አለመናገር ነው። ልብህ ውስጥ ያለው ነገር ጋብቻ ከሆነ ተናገር፤ ካልሆነ ደግሞ ማዕዱን ለባለቤቱ ተውለት።

ሁለተኛ፣ “ጌታ ነግሮኛል” የሚለውን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። “ጌታ ሚስቴ እንደ ሆንሽ አሳይቶኛል” የሚል ጥያቄ በቤተ ክርስቲያናችን ስንት እህት አስለቅሷል! ይህ እኮ ጥያቄ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። እሷ እምቢ ብትል አንተን ሳይሆን እግዚአብሔርን እምቢ ያለች እንዲመስላት አድርገሃታል። የአብርሃም አገልጋይ ከማናችንም በላይ ምልክት የታየለት ሰው ነው፤ ጸሎቱን ሳይጨርስ ነው መልሱ እንስራ ተሸክማ የመጣችው። ሆኖም ምስክርነቱን ከተናገረ በኋላ ቁጥር 49 ላይ፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ ንገሩኝ፣ ካልሆነም ንገሩኝ አላቸው። በመጨረሻም ቤተሰቡ ራሷን ጠርተው ጠየቋት፤ ቁጥር 57 እና 58። እሄዳለሁ ያለችው እሷ ናት። ምልክቱ የእሷን አፍ አልዘጋውም። ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር ጥያቄን አይፈራም። ዘመናዊው ሕጋችንም ቢሆን ይህንኑ ያዝዛል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ይደነግጋል። የዚህም አገር ሕግ እንደዚያው ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ፋሽን አለ፤ ሩጫ ጨርሳ ላብ በላብ ሆና መድረሻው መስመር ላይ ስትደርስ፣ በሕዝብ ፊት ተንበርክኮ ቀለበት ማውጣት። አምሳ ስልክ ይቀርጻል፣ ሰው ያጨበጭባል። ሐሳባችሁ የጸዳ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የተገናኛችሁበትን ነገር ማክበር ፈልጋችሁ ነው። ግን እስቲ በእሷ ቦታ ቁሙ። እምቢ ማለት ብትፈልግ በየት በኩል ትውጣ? አብርሃም አገልጋዩን ሲልከው፣ ሴቲቱ ለመምጣት ባትፈቅድ ከመሐላዬ ነፃ ነህ ብሎት ነበር፤ ቁጥር 8። ገና ከቤት ሳይወጣ “እምቢ” የሚባልበት በር ተከፍቶ ነበር። አንተም በሩን ክፈትላት። በጸጥታ ጠይቃት፤ እሺ ካለች ከዚያ በኋላ መድረሻው መስመር ላይ ተንበርከክ፣ እኛም መጥተን እናጨበጭባለን።

ሦስተኛ፣ ቤተሰብና ሽማግሌዎች። እዚህ ስንኖር ሽማግሌ መላክ የቀረ ይመስለናል። ቦዔዝን ተመልከቱ፤ ሩት ማንነቷን በመከሩ እርሻ ላይ አይቷል፣ እሷም በአውድማው ሐሳቧን ገልጣለታለች። እሱ ግን በማግስቱ ወደ ከተማው በር ወጥቶ አሥር ሽማግሌዎች አስቀመጠ፤ ሩት 4፥2። በሌሊት የተነገረው ነገር ጠዋት በብርሃን ተነገረ። የእናንተም ነገር ከሩጫ ቡድኑ የስልክ መልእክት ወጥቶ ወደ ከተማው በር ይድረስ። አዎ፣ አስቸጋሪ ነው። ጎንደር ላሉት አባቷ በስልክ “እንዴት ተዋወቃችሁ?” ሲሉ “ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሮጣለን” ብትሏቸው፣ “ማን እያባረራችሁ?” ሊሉ ይችላሉ። ይሣቁ፤ ከዚያ ግን ያዳምጣሉ። አገር ቤት ያሉ ሁለት የታመኑ ሰዎች ወደ ቤታቸው ይሂዱ፤ እዚህ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይወቁት። ሽማግሌ ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ኮርቻውን ገልጦ የሚያይ ሰው ነው። የሚወደው ሰው ያላየውን እሱ ያያል።

ስለ ወረቀት ጉዳይም በግልጽ ልናገር፤ ሁላችንም በጓዳ የምናወራው ነገር ስለሆነ። አንዳችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ፣ አንዳችሁ ገና የምትጠብቁ ከሆናችሁ፣ ከቀለበቱ በፊት ይነገር። ፈቃድ የሌለው ሰው ማፍቀር አይችልም ያለ የለም። ያልተነገረ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በጭቅጭቅ መካከል “ለወረቀት ነው ያገባሽኝ” ሆኖ ይወጣል፤ እውነት ባይሆንም እንኳ ያቆስላል። አስቀድሞ የተነገረ ነገር ግን ያን ስለት ያጣል።

የሚቀረው የዚህ አገር ሥርዓት ነው፤ ባጭሩ እንለፈው። በኔዘርላንድ ሕግ አንድ የሃይማኖት አገልጋይ ተጋቢዎቹ በማዘጋጃ ቤቱ፣ እኛ ኸሜንተ በምንለው፣ ሳይጋቡ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ቢፈጽም ይቀጣል። ስለዚህ “ፓስተር፣ ለጊዜው ባርከን፣ ኸሜንተውን በኋላ እንሄዳለን” አትበሉን፤ አንችልም። የማግባት ሐሳባችሁን ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ ታሳውቃላችሁ፤ ከሁለት እስከ አራት ምስክር ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ የሚመጡ ሰነዶች ጊዜ ስለሚወስዱ የሠርግ ቀን ቆርጣችሁ አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ። ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለሚጋቡ፣ በኖታሪስ ፊት ሌላ ውል ካልተዋዋሉ በቀር፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ የግል ሀብትና ዕዳ የየግል ሆኖ ይቀራል፤ ከጋብቻ በኋላ የሚመጣው ግን በመሠረቱ የጋራ ነው። ዕዳውም ጭምር! ቅድም ስለ ገንዘብ አውሩ ያልኳችሁ ለዚህም ነው።

አብሮ መሥራት በጋብቻ ውስጥ ሲባረክ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ አቂላንና ጵርስቅላን ያንብብ። ሁለቱ አንድ ሙያ ነበራቸው፣ ድንኳን መስፋት። ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድን ከሮም ባስወጣ ጊዜ ተሰደው ቆሮንቶስ ገቡ፤ እንደ እኛ ስደተኞች ናቸው። በአዲስ ኪዳን ስማቸው ስድስት ጊዜ ተነሥቷል፣ ስድስቱም ጊዜ አንድ ላይ። ግን ልብ በሉ፣ ድንኳኑን ለሁለት ተዘግተው አልሰፉትም። ጳውሎስ መጥቶ አብሯቸው ሰፋ። አጵሎስን ወደ ቤታቸው ወስደው የጌታን መንገድ አስተማሩት። ቤታቸው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እናንተም ብትጋቡ ሩጫውን አትተዉት፤ ያ ቀርፋፋው ልጅ አሁንም ቅዳሜ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ተጋብተው ከወዳጆቻቸው የሚጠፉ ሰዎች ቤታቸው ቶሎ ይቀዘቅዛል።

የመጨረሻው ነገር፣ ብዙ ጊዜ የማይሰበከው፣ “አይሆንም” ከተባለስ የሚለው ነው።

እህቴ፣ መልስሽ እምቢ ከሆነ በግልጽ ተናገሪ። “ልጸልይበት” መልካም ቃል ነው፤ በእውነት የምትጸልይበት ከሆነ። ልብሽ የወሰነውን ነገር ለመሸሽ ብለሽ ከሆነ ግን ሰውየውን ስድስት ወር በከንቱ ተስፋ ታስሪዋለሽ። በአክብሮት፣ ምክንያት ሳታበዢ፣ “አመሰግናለሁ፣ አልሆነልኝም” በይው። ለማንም ደግሞ አታውሪበት፤ የተጠየቅሽው ጥያቄ የእሱ ምስጢር ነው።

ወንድሜ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣል። እሷም እዚያ ትኖራለች። በሌላ ሰው በኩል ደግመህ አታስጠይቃት፤ ጓደኞቿን እየያዝክ “ምን ሆና ነው?” አትበል። ልብህ ከታመመ ጥቂት ሳምንት በሌላ ቦታ ሩጥ፤ ይህ ነውር አይደለም። ለቡድኑ ግን ምክንያት አትስጥ፤ ሰው በሁለት ወገን እንዲሰለፍ አታድርግ። የቡድኑ ሌሎች አባላትም አደራ፣ “ለምን እምቢ አልሽው? እንደ እሱ ያለ ሰው የት ታገኛለሽ?” እያላችሁ አታሳድዷት። እሷ በእምቢታዋ ምክንያት የቅዳሜ ሩጫዋን፣ ብሎም የእሁድ አምልኮዋን ትታ ብትጠፋ፣ በሽማግሌዎች ፊት የምንጠየቀው እኛ ሁላችን ነን። ስትመለስ ደግሞ ሰላም በላት፤ ፊትህን ሳታዞር፣ እንደ ቀድሞው “ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?” ብለህ ጠይቃት።

በሚቀጥለው ትምህርት ስለ እጮኝነት ጊዜ፣ በተለይ አንዱ እዚህ አንዱ አገር ቤት ስለሆኑ እጮኛሞች እንማራለን። ጌታ ይባርካችሁ።